እሳቱ ስንተኛ ክፍል ነው

ሰኞ። እሳቱ ክፍል 3።

የምድጃው መዝገብ ከኋላ ሃያ ሰባት ባዶ ገጽ አለው። ሥራ አስኪያጁ የሚያገላብጠው ከፊት ነው፤ እኔ ከኋላ እጀምራለሁ። መሀል ላይ ከተገናኘን ያን ጊዜ እንተያያለን።

ቀኑን በሥራዬ ልማድ እጽፋለሁ። የጡብ ምድጃችን እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ አሥራ ስድስት ክፍል አለው፤ እሳቱ በቀን አንድ ክፍል ይራመዳል። ከፊቱ ጥሬውን ጡብ እንደረድርለታለን፣ ከኋላው የበሰለውን እናወጣለን፣ እሱ መሀል ላይ እየበላ ይዞራል። እኔ ጣሪያው ላይ ሆኜ በየቀዳዳው የከሰል ብናኝ አጎርሰዋለሁ። ከተለኮሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ድመታችን እንኳ በየቀኑ አንድ ክፍል እየተራመደች የሞቀው ክዳን ላይ ትተኛለች። ለዚህ ነው ሠራተኛው ሁሉ «ሊቀ ገሃነም» የሚለኝ። ሹመቱን የሰጠኝ የእህቴ ልጅ ነበር።

«ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ይሁን። ከቀበርነው ዛሬ ስምንት ቀን ሆነ።

ሽቦ ነበር የምንለው፤ እሱም ቀጭን፣ ሥራውም የመብራት ሽቦ። ሃያ አራት ዓመቱ። እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ተቀምጦ ሳለ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ሊያበራ ምሰሶ ላይ ወጣ፤ ወደቀ። ከመውደቁ በፊት ግን አብርቶታል። ሰባኪው በድምፅ ማጉያ «አሜን በሉ!» ያለው በእሱ መብራት ነው።

ያው ሰባኪ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ፤ ማጣመም ስለምወድ ራሴን አላምነውም። «ይህ ወጣት ከእግዚአብሔር ቤት ወጥቶ ነበር። በጌታ ቀን፣ በጸሎት ሰዓት፣ ሳይመለስ ተጠራ። እሳቱ ምሳሌ አይደለም ወገኖቼ። ለቀራችሁት ስል እውነቱን አልሸፍንም።»

እህቴ አላለቀሰችም። አፈሩን እያየች እጄን ያዘችና በሹክሹክታ «አመዶ፣ አሁን ጀመረ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት። ምኑ እንደሆነ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ማክሰኞ። ክፍል 4።

ከሥራ ወደ እህቴ። ቡታጋዙ ቀዝቃዛ። ደረቅ ዳቦ በውሃ እያራሰች ትበላለች።

«እታለም፣ ጋዝ አለቀብሽ?»

«አላለቀም።»

ጎረቤቷ በር ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ክብሪት ስጭር እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ሾርባ ይዤላት ሄድኩ፤ እንፋሎቱን አይታ ‘ውሰጂው’ አለችኝ። ምን አድርጌያት ነው?»

«ምንም። ሾርባሽን ቀምሳው ታውቃለች» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ ድሮም እንደዚሁ ነው።

ሐሙስ። ክፍል 6።

የግራ እጇ ሌባ ጣት በጨርቅ ታስሯል። «ቢላ ነው» አለች።

ሠላሳ ዓመት ከእሳት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። የቢላ ቁስል እንደዚያ አይሸትም።

«ቢላው የማነው? ኤደንን የሚጠብቀው መልአክ አውሶሽ ነው?» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ትለኝ ነበር። አሁን ግን ጨርቁን አጠበቀችው፤ ከዚያ የገበያ ነገር እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ፦

«እሳት ላይ እስከ ስንት እንደሚቆጠር ልሞክር ብዬ ነው። እስከ ሰባት ደረስኩ። ሰባት አልሞላም መሰለኝ። እጄ በራሱ ሸሸ፤ እኔ አላዘዝኩትም። የእሱ እጅ ወዴት ይሸሻል አመዶ?»

ክብሪቶቿን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያሳቅሁ ምድጃው ደረስኩ። ክብሪቶቹን በስድስተኛው ክፍል ቀዳዳ ጣልኳቸው።

እሑድ። ክፍል 9።

ጸሎት ቤት። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ መስሏቸው፦

«ምስኪን ሽቦ! እሱማ ምን ያድርግ። ያችን የትል ጥያቄ ያስተማረው ሰው ነው በሰማይ የሚጠየቀው።»

«ማን ነው ያስተማረው?»

«እኔ ምን አውቄ። ከራሱ እንዳልመጣች ግን አውቃለሁ።»

የትሏ ጥያቄ እንዲህ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከስብከት በኋላ የጥያቄ ጊዜ ገና ሳይቀር፣ ሽቦ ተነሥቶ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «በገሃነም ትሉ አይሞትም፣ እሳቱም አይጠፋም ተብሏል። እሳቱ እውነተኛ እሳት ከሆነ ትሉም እውነተኛ ትል ነው። ታዲያ ይሄ ትል የሚነደው መቼ ነው? ወይስ ካፖርት ለብሷል?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰባኪው ግን አልሳቀም። «በእግዚአብሔር ቃል የምትቀልድ ውጣ! ይቅርታ ስትጠይቅ ትገባለህ» አለው። ሽቦ ዘወር ብሎ ወደ መሀል ወንበሮች ተመለከተ፤ አንድ ሰው እንደሚፈልግ። ከዚያ ወጣ። አልተመለሰም።

ማን እንዳስተማረው ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም።

ሰኞ። ክፍል 10።

የጭስ ማውጫው ተሰንጥቋል። ኢንጂነሩ መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ ዓርብ ቀጥሎ ባለው ዓርብ ከሰል እናቆማለን፤ ምድጃው ይጠፋል፤ ይጠገናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው። ሠራተኛው ይቀልድብኛል፤ «ሊቀ ገሃነም ከሥልጣን ሊወርዱ ነው! ጡረታቸው በበረዶ ይከፈላቸው!» እህቴ ዛሬም ቀዝቃዛ ዳቦ። መጻፍ አልችልም፤ ክፍል አሥር እሳቱ ከመጠን በላይ ግሎ ቀለሙ ነጣ፤ ሄድኩ።

ረቡዕ። ክፍል 12።

ብልህ ነኝ ብዬ ነበር።

አሮጌውን መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ሄድኩ። ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ንባብ ያስተማረኝ የከሰል ጆንያ ላይ ያለ ጽሕፈት ነው፤ ቢሆንም ይሄን መጽሐፍ አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ሐሳቤ ጥሩ ነበር። ሲኦል ማለት በብሉይ ኪዳን ብዙ ቦታ ላይ መቃብር ማለት እንጂ ማቃጠያ ማለት አይደለም፤ ጻድቁም ኃጥኡም የሚወርድበት ነው፤ ይህን ላሳያት። ያዕቆብን ገለጥኩላት፦ ልጁ ዮሴፍ የሞተ መስሎት፣ እያዘንኩ ወደ ልጄ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ ያለበትን። በአንዱ እትም «መቃብር»፣ በሌላው «ሲኦል» ነው አልኳት። «አየሽ? ያዕቆብ፣ ያ ሁሉ በረከት ያለው ሰው፣ ወደዚያው እሄዳለሁ ይላል። ክፉ ቦታ ቢሆን ይል ነበር?»

«ወደ ልጄ እወርዳለሁ ነው ያለው?» አለች።

«አዎ!»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ፊቷ ላይ ብርሃን መጣ። እያፏጨሁ ወደ ሥራ ተመለስኩ። እያፏጨሁ!

ሐሙስ። ክፍል 13።

ጎረቤቷ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች። ከትናንት ወዲህ ደረቁን ዳቦም ትታዋለች። ውሃም በግድ። አልጋዋን አንጥፋ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ተኝታለች።

ሮጬ ሄድኩ። «እታለም፣ ምን መሆንሽ ነው?»

«ወደ ልጄ እወርዳለሁ» አለች። «ያዕቆብ ከወረደ እኔ ምን ያንሰኛል? ብቻውን ነው፤ እጁን የሚይዝለት እንኳ የለም።»

ይህን ቃል ያነበብኩላት እኔ። ሦስት ጊዜ የደገምኩላት እኔ።

«ያዕቆብ እኮ አልወረደም! ልጁ በሕይወት ነበር፤ ሄዶ አገኘው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የእኔ ግን ሞቷል» አለች።

ለምኜ፣ ተንበርክኬ፣ በመጨረሻም አልጋዋ ሥር ተጋድሜ «ከወረድሽ እኔም ከኋላሽ ነኝ፤ እዚያም ሄጄ በቀልዴ አሰለችሻለሁ» ስላት፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ጠጣች። ከርኅራኄ ነው፤ ከርሃብ አይደለም። ጎረቤቷ አብራት ታድራለች።

ጥፋቴ ነው። ይህኛው፣ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ። ክፍል 15።

ሰባኪው በሳምንቱ ቀናት ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ሄድኩ። ዕድሜያችን አንድ ነው፤ ልጅ ሆነን አንድ ሜዳ ላይ አፈር በልተናል።

በሩ ላይ ቆሜ «ወደ ጥፋት የሚወስደው ደጅ ሰፊ ነው ይላል፤ ሰፊው ግን አንተ መሆንህን አልነገሩኝም» አልኩት።

«ጀመርክ» አለ። ዓይኑን ከመርፌው አላነሣም። ሲናደድ እግሩ መርገጫውን ያፈጥናል፤ የስፌት መኪናው መንጣጣት ጀመረ።

«እህቴ እየሞተች ነው። ሄደህ አንድ ቃል በላት። ‘አላውቅም’ በላት። ሌላ አልፈልግም፤ ‘የት እንዳለ አላውቅም’ በቃ።»

መኪናው ቆመ። «አውቃለሁ እንጂ። ጽፎልናል።»

«ጽፎልናል ያልከው ስለ በጎችና ፍየሎች ጭምር ነው። ሽቦ ፍየል ነበር?»

«አንተ» አለኝ፣ አሁን ቀና ብሎ፤ «አባቴን ታስታውሰዋለህ። እናቴን በየምሽቱ ሲደበድብ አጥራችሁን ዘለን እናንተ ቤት ነበር የምናድረው። ማን አስቆመው? ፍቅር ነው? ምክር ነው? አንድ ቀን ስለ እሳቱ ሰማ፤ ፈራ፤ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ጠርሙሱን ሰበረ። እሳቱ የእኔን ቤት አዳነ። ‘ምሳሌ ነው’ ብለውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናቴ የለችም።»

ይህን አላውቅም ነበር። አጥሩን ሲዘልሉ እንጂ።

«እሺ» አልኩት። «ግን ካልሆነስ?»

«ካልሆነ? እኔ ብሳሳት ሰው በከንቱ ፈራ፤ ያ ብቻ ነው። አንተ ብትሳሳት ግን ሰው ነደደ። የቱ ይሻላል?»

አፌ፣ ያ ቀዳሚው አፌ፣ ከዳኝ። ወጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ። እሳቱ ዞሮ ክፍል 1 ገባ።

ፈረቃዬ ቀትር ላይ አለቀ። አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ከጣሪያው አልወረድኩም። ድመቷ አጠገቤ ናት። መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ገጹ በጣቶቼ ጠቁሯል።

አንድ ቃል ነው ስከታተል የዋልኩት፦ ጠፋ። እኛ በዚህች ቃል ስንቱን እንሸከማለን! መብራት ጠፋ። እሳት ጠፋ። በግ ጠፋ። ልጅ ጠፋ። ያ አባት ስለ ልጁ «ጠፍቶ ነበር፣ ተገኝቷል» ያለበት ቃልና «የማይጠፋ እሳት» የሚለው ቃል በአፋችን አንድ ነው። የሚጠፋ ይገኛል ማለት ነው? ይሄ ቀልድ ነው፤ መጽሐፉ በእኛ ቋንቋ እንዳልተጻፈ አውቃለሁ። ግን ቀልዱ በር ከፈተልኝ፤ «የማይጠፋ» የተባለ እሳት ሁሉ ምን እንደሆነ ልይ አልኩ።

ኤርምያስ ላይ አገኘሁ። እግዚአብሔር በኢየሩሳሌም በሮች ላይ እሳት አነድዳለሁ፣ አይጠፋም ይላል። ነደደም። ታዲያ ያ በር ዛሬም ይነድዳል? ቢነድ ኖሮ እኛ የእሳት ሰዎች እንሰማ ነበር። አይጠፋም ማለት ሥራውን ሳይጨርስ ማንም አያቆመውም ማለት ነው እንጂ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ማወቅ ነበረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይጠፋ እሳት ስመግብ ያለ ሥራ ነድዶ አያውቅም፤ ጭቃ ይሰጠዋል፣ ጡብ ይመልሳል። አንዴ የተተኮሰውን ጡብ መልሰህ ብትከተው ምንም አያገኝበትም።

ከዚያ ሌላው። ከመጽሐፉ ጀርባ የቃላት መፍቻ አለ። ገሃነም፦ የሄኖም ሸለቆ። ቦታ ነው! ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ያለ፣ በእግር የሚደረስበት ሸለቆ። እዚያ ምን ይደረግ ነበር? እንደገና ኤርምያስ። ሰዎች ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጥሉ ነበር። እግዚአብሔር ምን አለ? እኔ ይህን አላዘዝኩም፣ በልቤም አላሰብኩትም አለ።

አላሰብኩትም።

ልጅን በእሳት ማቃጠል፣ በዚያው ሸለቆ፣ ስሙን በወሰድንበት ቦታ፣ በልቡ እንኳ ያልገባ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተነሥቼ ጣሪያው ላይ ጮኽኩ። ከታች «ሊቄ፣ ተቃጠሉ እንዴ?» አሉኝ።

ሐቁን ልጻፍ፤ ስለዚያ በነበልባል ሆኖ ጠብታ ውሃ ስለለመነው ሀብታም የሚያወራውን ገጽ ዘለልኩት። አዎ፣ ዘለልኩት። እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ። ክፍል 2።

ለእህቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። አጥንቷ ወጥቷል፤ በቀን በአንድ ብርጭቆ ወተት ነው ያለችው።

ስጨርስ «ቆንጆ ነው» አለች። «ግን አመዶ፣ አንተ ዕድሜ ልክህን ስትቀልድ ኖረሃል። እናታችን ስትሞት እንኳ አስቀኸኛል። የቱ ቀልድ የቱ እውነት እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ይሄ እውነት ነው።»

«እሱ በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገረው። በአፈሩ ላይ። አንተ በጓዳ ነው የምትነግረኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሽቦም ያን ቀን ተመልሶ እዚሁ ጓዳ ነው የተቀመጠው። ‘እማ፣ ዞሬ አየሁት፤ ጫማውን እያየ ነበር’ አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

ታውቃለች። ሦስት ዓመት ታውቃለች፤ ሦስት ዓመት ምሳ አቅርባልኛለች።

ጫማዬን እያየሁ ወጣሁ።

ዓርብ። ክፍል 5።

ከሰል ቆመ። የመጨረሻዋን አካፋ እኔ ነኝ ያጎረስኩት። ማንም አልቀለደም።

ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ መንገድ ላይ፦ «በእሑድ ልትበጠብጥ አስበሃል ይባላል። ለራስህ ስትል ተው። ከኅብረቱ መለየት እንዳለ ታውቃለህ።» ሰፊው ነግሯቸዋል ማለት ነው፤ ወይም ፊቴ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። የምቀበረውም በእነሱ እጅ ነው። እሺም እንቢም አላልኩ። ኮፍያዬን አንሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ይሄ እንደሚያናድዳቸው አውቃለሁ።

ፈርቻለሁ። ብሳሳትስ? እሳቱ ካለ ከሽቦ በፊት የሚገባበት ሰው አለ። እዚያ የአባቴን ስም ሳይቀር ያውቁታል።

እሑድ። እሳቱ ክፍል 5 ላይ እየሞተ ነው።

ሁሉንም በቅደም ተከተል።

ከትሏ ወዲህ የጥያቄ ጊዜ ቀርቷል። ማስታወቂያ ግን አለ። ስብከቱ አልቆ «ማስታወቂያ ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ።

«አለኝ። የጠፋ ዕቃ ተገኝቷል።»

«ምን ዕቃ?» አለ ሰባኪው፣ ሳይጠረጥር።

«አንዲት ጥያቄ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ቤት ውስጥ ወድቃ፣ የሌላ ሰው መስላ ተወረወረች። ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በየአፉ ቆመ።

«ትሏን ለሽቦ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካፖርቱንም እኔ ነኝ ያለበስኳት። እኔ ብጠይቅ ‘ይሄ ቀልደኛ’ ብላችሁ ስለምታልፉኝ በልጁ አፍ ላክኋት። ሳቃችሁ፤ እሱ ተባረረ፤ ዞሮ ፈለገኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያም ‘ይቅርታ ልጠይቅና ልመለስ አጎቴ?’ ሲለኝ፣ ‘ተዋቸው፣ ይለምኑህ’ አልኩት። ስለዚህ ከዚህ ቤት ያወጣው ትዕቢቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። በዚያ የተነሣ የሚነድ ሰው ካለ ስሙ የኔ ነው፤ አስተካክላችሁ ጻፉት።»

ሽማግሌው «ተቀመጥ» አለ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ይበቃኛል» አልኩት። መጽሐፉን ገልጬ የሄኖምን ሸለቆ አነበብኩ። «እናንተ አሰባችሁት፤ እሱ ግን አላሰበውም» ብዬ ዘጋሁት።

ሰባኪው ከመድረኩ አልጮኸም። እሱን ላክብረው፤ ተጨንቆ ነበር። «ሀብታሙስ? በነበልባሉ ውስጥ ያለው? እሱንም ከመጽሐፉ ልትሰርዘው ነው?»

የዘለልኩት ገጽ! ዓርብ ተመልሼበት ነበር፤ ምስጋና ለፍርሃቴ።

«አልሰርዘውም። ምሳሌ ነው ብዬም አላመልጥህም። እሱ እዚያ ሆኖ ምን ለመነ? መጀመሪያ ውሃ። ሲከለከል ደግሞ ‘ለወንድሞቼ ንገሩልኝ’ አለ። እዚያ የተጣለው ክፉ ሰው ለወንድሞቹ ካሰበ፣ የፈጠረው ለሽቦ ማሰብ ያቅተዋል?»

ሰባኪው በሱቁ የተናገረውን እዚህም ደገመው፤ ከልቡ ነው፦ «እኔ ብሳሳት ሰው በከንቱ ፈራ። አንተ ብትሳሳት ሰው ነደደ።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ስምንት ቀን ያኘኩት መልስ ነው። ልናገረው ግን አልቻልኩም፤ የእህቴ ምሥጢር ነው።

ከኋላ ወንበር ሲጥ አለ።

እህቴ ናት። በጎረቤቷ ክንድ ተደግፋ መቼ እንደገባች አላየሁም። ጎረቤቷን ለቅቃ፣ ግድግዳውን እየያዘች፣ በመሀል መተላለፊያ እስከ መድረኩ መጣች። ጨርቁን ፈታች። እጇን እንደ ተማሪ ዘረጋችለት። አንድ ጣት አይደለም። ሦስት ሆነዋል።

«በከንቱ ፈራ አልክ?» አለችው። «ሰፊ ነህ አይደል? ይቺን ስፋልኝ።»

ሰባኪው እጇን አየ። አፉን ከፈተ። ጣቶቹ ሳያዛቸው ደረቱ ላይ መርፌ የሚሰካበትን ቦታ ሲዳስሱ አየኋቸው።

ወደ እኔ ዞረች። «ና፣ ወደ ቤት ውሰደኝ። እርቦኛል መሰለኝ።»

ስንወጣ ሽማግሌው ከኋላችን፣ ከዛሬ ጀምሮ እስክመለስ ድረስ ከኅብረቱ መለየቴን አነበበ። ወረቀቱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የስሜ ፊደል እንኳ ተሳስቷል። ተመልሼ ላርመው አስቤ ነበር፤ እህቴ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

ቀዝቃዛ ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ወተት። ሁለት ቁራሽ! ሐኪም ቤት ወስጃት ጣቶቿ በፋሻ ተጠቀለሉ።

ረቡዕ።

ሰፊው ምድጃው ድረስ መጣ። ጣሪያው ላይ አልወጣም፤ ከታች ሆኖ ጠራኝ። እጁ ላይ የታጠፈ ሱሪ አለ፤ ሽቦ ከመሞቱ በፊት እንዲያሳጥርለት የሰጠው። ቀጭን ሱሪ፣ ሽቦ የሚያህል።

«ጨርሼዋለሁ» አለ። «ስጣት። እኔ መሄድ አልቻልኩም።»

«ለምን?»

«በተሰጠኝ ሜትር ነው የለካሁት» አለ። የሱሪውን እጥፋት አስተካከለ። «ሌላ ሜትር የለኝም።»

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። «ሱሪው ቆንጆ ሆኗል» አልኩት ብቻ። ሄደ። አልታረቅንም። የሄኖም ሸለቆም በመካከላችን አልተነሣም፤ በሚቀጥለው እሑድ መንገድ ላይ ቆሜ አነብበዋለሁ፤ መንገዱ የእነሱ አይደለም።

ቅዳሜ። እሳት የለም።

ግንበኞቹ ሰኞ ይገባሉ። ዛሬ ማንም የለም። እህቴን አመጣኋት፤ ራሷ ናት «ልየው» ያለችው።

በአንደኛው ክፍል በር ጎንበስ ብለን ገባን። እኔ ራሴ ዙሪያውን በእግሬ ዞሬው አላውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እሳቱ ነበረ። ቅስቱ ከእሳት ብዛት እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጫል። እህቴ በደህናው እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ቆመች። ገና ለብ ይላል። ድመቷ እዚያ መሀል ተጠቅልላ ተኝታለች።

«የማይጠፋው ይሄ ነበር?» አለች።

«ይሄ ነበር።»

«ምን ተረፈ?»

አንድ ጡብ አንሥቼ ሰጠኋት። በጥፍሯ መታችው፤ እንደ ደወል ጮኸ። ይዛው ዞረች፤ እስከ አሥራ ስድስት፣ እስከ ተነሣንበት በር። ውጭ ስንወጣ ከፀሐዩ የተነሣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ጡቡን አልመለሰችውም።

ቤቷ ስንደርስ ጡቡን መስኮቱ ሥር አኖረችና ቡታጋዙ ፊት ቆመች።

«ክብሪት አለህ?»

ኪሴን ፈተሽኩ። የኮት፣ የሱሪ፣ የደረት። የእሷን እኔው ራሴ አቃጥዬዋለሁ፤ የራሴ ደግሞ ኖሮኝ አያውቅም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን አደርግበታለሁ?

አየችኝ። አፏ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ወይ ጉድ! ሊቀ ገሃነም ክብሪት የለውም!» አለች። ሳቀች። ሽቦ እንደሚስቀው፣ በአፍንጫዋ።

ከጎረቤቷ አንድ ሳጥን ተበደርኩ። ልጭርላት ስል ቀማችኝ። በፋሻ በተጠቀለለው እጇ ሳጥኑን ይዛ በደህናው ጫረች፤ ቡታጋዙ ቦግ አለ። ክብሪቱ ግን እጇ ላይ ቀረ፤ ዓይኗን ተክላ ታየው ጀመር። እሳቱ በእንጨቱ ላይ ቁልቁል ሄደ። መቁጠሯን በከንፈሯ አውቄያለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄን ላነሣ ስል ጣቷ ጋ ደረሰ።

«እፍ! አቃጠለኝ እኮ!» አለችና ወረወረችው፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ እንደ ማንኛውም ሰው።